ሁለት ኪቦርድ አብረው ሲጫወቱ ድምፁን እንዴት እናመጣጥነው?

ጥያቄ፣ ከ«አጃቢ»

ሰላም ለሁላችሁ። ኪቦርድ የምትጫወቱም ሆነ በድምፅ ሥራ ላይ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች ልምዳችሁን እንድታካፍሉኝ በትሕትና እጠይቃለሁ።

በቤተ ክርስቲያናችን የአምልኮ ቡድን ውስጥ ሁለት ኪቦርዲስቶች ነን። እኔ በኮርግ ፒኤ ፒያኖ፣ አልፎ አልፎም የማሲንቆና የዋሽንት ድምፅ እጫወታለሁ፤ አብሮኝ የሚያገለግለው ወንድም ደግሞ በአነስተኛ ያማሃ ፒኤስአር ስትሪንግና ፓድ (ከኋላ ሆኖ ሳያቋርጥ የሚሰማ ለስላሳ ድምፅ) ይይዛል። ከእኛ ሌላ ቤዝ ጊታር፣ ድራም፣ አንድ መሪ ዘማሪና አራት ተቀባዮች አሉ። አዳራሹ ሦስት መቶ ያህል ሰው የሚይዝ ሲሆን ግድግዳው ያልተሸፈነ ብሎኬት፣ ጣራው ቆርቆሮ ነው። ሚክሰራችን አናሎግ ነው፤ የአዳራሹ ስፒከሮችም የሚሠሩት በሞኖ፣ ማለትም ግራና ቀኝ ሳይለይ በአንድ መስመር፣ ነው።

ችግራችን ሦስት መልክ አለው። አንደኛ፣ እያንዳንዳችን ለየብቻ ስንጫወት ድምፁ ጥሩ ነው፤ አብረን ስንገባ ግን መሃሉ ይደፈርስና የመዝሙሩ ቃል ለጉባኤው አይሰማም። ሁለተኛ፣ የወንድሜ ስትሪንግ በሄድፎን ሲሰማ ሙሉ ሆኖ ሳለ በአዳራሹ ስፒከር ሲወጣ ውስጡ የተቦረቦረ፣ ሪቨርቡ (እንደ ገደል ማሚቶ ያለው ማስተጋባት) ብቻ የቀረ ይመስላል። ስለዚህ እሱ ቮሊዩሙን ይጨምራል፤ እሱ ሲጨምር እኔ ራሴን መስማት ስለሚያቅተኝ እጨምራለሁ፤ በመጨረሻም ሚክሰሩ ላይ ያለው ወንድም ሁለታችንንም ይቀንሰናል። ሦስተኛ፣ በአምባሰል ቅኝት የተሠሩ መዝሙሮችን ስናጅብ በአንድ ኪ እየተጫወትን እንኳ የሚቆረቁር ነገር ይሰማል። በእጃችን ባለችው ትንሽ ገንዘብ ኢኳላይዘር (የወፍራምና የቀጭን ድምፆችን መጠን ለየብቻ የሚያስተካክል መሣሪያ) መግዛት ይሻለናል ወይስ ሌላ መፍትሔ አለ?

መልስ፣ ከ«ነባር ኪቦርዲስት»

ወንድሜ፣ ጥያቄዎን በዝርዝር ማቅረብዎ መልስ የሚሰጠውን ሰው ያግዛል። ስለ ሁለተኛው ችግር የድምፅ ባለሙያዎች ቢናገሩ ይሻላል። እኔ በመጀመሪያው ላይ አተኩራለሁ፤ የትኛውም ኢኳላይዘር ሊያስተካክለው የማይችለው እሱ ነውና።

ሁለት ኪቦርዶች ከሁሉ አስቀድሞ የሚጋጩት በእጅ አቀማመጥ ነው። ከመሃለኛው ሲ በታች ያለችውን አንዲት ኦክታቭ ይመልከቱ። ከ131 እስከ 262 ኸርዝ ያለችው ይህች ጠባብ ቦታ የእርስዎ ግራ እጅ፣ የወንድምዎ ግራ እጅ፣ የቤዝ ጊታሩ ከፍ ያሉ ድምፆችና የወንድ ዘማሪ ድምፅ ሁሉም የሚገናኙባት ናት። አራቱ በአንድ ጊዜ ሲገቡባት መጀመሪያ የሚጠፋው የዘማሪው ቃል ነው፤ ስትሪንግ ሳያቋርጥ የሚዘልቅ ድምፅ ስለሆነ ቃሉ ጎልቶ የሚወጣበትን ክፍተት ይሞላዋልና። የመዝሙር ቃል ለጉባኤው ካልደረሰ አጀባችን የቱንም ያህል ቢያምር ሥራውን አልሠራም ብዬ አምናለሁ።

ለብቻው ማጀብ የለመደ ኪቦርዲስት ግራ እጁ ቤዙን እንዲይዝለት አሠልጥኖታል፤ ይህ ልማድ በቡድን ውስጥ ሲገባ ብዙ ጉዳት ያደርሳል። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ገመድ እስከ 41 ኸርዝ ስለሚወርድ መሠረቱ በእናንተ ቡድን ውስጥ ተይዟል። ስለዚህ እርስዎ ግራ እጅዎን በኦክታቭ መምታት ትተው በመሃለኛው ሲ ዙሪያ በቀኝ እጅዎ ኮርዱን ይያዙ፤ ግራ እጅዎ የግድ መግባት ካለበት አንዲት ኖታ ብቻ ይምታ። ወንድምዎ ደግሞ ከመሃለኛው ሲ በታች ጨርሶ አይውረድ። የስትሪንጉ ቦታ ከዚያ በላይ ያሉት ሁለት ኦክታቮች ናቸው።

የኖታው ብዛትም ሌላ ጉዳይ ነው። እርስዎ ኮርዱን በሦስት ጣት ሙሉ አድርገው ከያዙት ወንድምዎ ያንኑ ኮርድ በአራት ጣት መድገሙ ውፍረት እንጂ ውበት አይጨምርም። ሁለት የተራራቁ ኖታዎች ይበቁታል። በተለይ በአዝማቹ ላይ ስትሪንጉ ኮርድ መያዙን ትቶ በአንዲት መስመር ከዜማው በላይ ረጋ ብሎ ቢሄድ ቡድኑ ወዲያው ይሰፋል። መሪው ሲዘምር ያችን መስመር ያቆያት፤ ዘማሪው ትንፋሽ ሲወስድና ስንኙ ሲያልቅ ያስገባት። በአገራችን ዜማ ማሲንቆ ከዘፋኙ ጋር የሚነጋገረው እንደዚሁ ተራ እየጠበቀ ነውና ጆሯችን ይህን አነጋገር ከልጅነቱ ያውቀዋል።

ሁለት ማሳሰቢያዎችን ልጨምር። አንደኛው የሰስቴይን ፔዳልን (ጣት ከተነሣ በኋላ ድምፁን የሚያቆየውን) ይመለከታል፤ ፓድና ስትሪንግ በራሳቸው የሚዘልቁ ድምፆች ስለሆኑ ፔዳሉ ሲረገጥ ያለፈው ኮርድ ከሚመጣው ጋር ይደራረባል፤ በቆርቆሮ ጣራ ሥር ደግሞ ይህ ብቻውን ቃል ለማጥፋት ይበቃል። ወንድምዎ ፔዳሉን ከእግሩ ያርቀው፤ ኮርዱን በጣቶቹ ማያያዝ ይልመድ። ሁለተኛው፣ ሁለታችሁም በአንድ ጊዜ የፒያኖ ድምፅ አትምረጡ። ፒያኖ አነሳሱ ስለታም ነው፤ የሁለት ሰዎች ጣት ደግሞ በፍጹም አንድ ቅጽበት ላይ አያርፍም። ከሰከንድ መቶኛ ጥቂት እጅ ብቻ የሚሆነው ልዩነት ምቱን የተሰነጠቀ ያደርገዋል፤ ከዚያም ድራመሩ ማንን እንደሚከተል ይጠፋበታል።

መልስ፣ ከ«የድምፅ አገልጋይ»

ከላይ የተሰጠውን መልስ ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ ሆኖም ሁለተኛው ችግራችሁ ከአጨዋወት ጋር የሚገናኝ አይመስለኝም። «በሄድፎን ሙሉ ነው፤ በስፒከር ግን ሪቨርቡ ብቻ ቀረ» የሚለው አነጋገርዎ ወደ አንድ ነገር ይመራኛል፤ እሱም ኬብሉ ነው።

አነስተኛ ዋጋ ያላቸው ብዙ ኪቦርዶች ለብቻው የተሠራ የድምፅ መውጫ የላቸውም፤ ያላቸው የሄድፎኑ መውጫ ብቻ ነው። ይህ መውጫ ስቴሪዮ ስለሆነ በአንድ ቀዳዳ ውስጥ ግራና ቀኝ ሁለት ድምፆች ይወጣሉ። አሁን የምትጠቀሙበትን ኬብል ነቅላችሁ የጃኩን ብረት በቅርበት ተመልከቱት። በብረቱ ላይ ሁለት ጥቁር ቀለበቶች ካሉት፣ በሚክሰሩ በኩል የገባው ጫፍም እንደዚያው ከሆነ፣ ምክንያቱን አገኛችሁ ማለት ነው። የሚክሰሩ ገቢ እንዲህ ያለውን ጃክ የሚያነበው ባላንስድ ምልክት (አንዱን ድምፅ በሁለት መስመር፣ በአንደኛው ተገልብጦ፣ የሚልክ) እንደመጣለት አድርጎ ነው፤ ይኸውም አንደኛውን መስመር ከሌላው ይቀንሳል። ይህ አሠራር የተበጀው በመንገድ ላይ የገባውን ጫጫታ ለማጥፋት ነው፤ ምክንያቱም ጫጫታው በሁለቱም መስመር እኩል ይገባልና ሲቀናነስ ይጠፋል። ከሄድፎን መውጫ የሚመጣው ግን ግራና ቀኝ ስለሆነ በሁለቱም ላይ እኩል ያለው የድምፁ ዋና አካል ተቀናንሶ ይጠፋል፤ የሚተርፈው በግራና በቀኝ የተለያየው ክፍል፣ ማለትም በአብዛኛው ሪቨርቡና የስትሪንጉ ስፋት ብቻ ነው። ቮሊዩም ቢጨምሩም የጠፋው አይመለስም፤ ይልቁንም ያው ቅርፊቱ ይጮኻል።

አንድ ቀለበት ያለው ተራ የጊታር ኬብልም መፍትሔ አይደለም፤ በሄድፎን መውጫ ውስጥ ሲገባ የቀኙን መስመር ከግራውንድ ጋር ስለሚያገናኘው ግማሹ ድምፅ ይቀራል፤ ለኪቦርዱም አይበጅም። የሚያስፈልጋችሁ በአንድ በኩል ስቴሪዮ ጃክ ሆኖ በሌላው በኩል ለሁለት የሚከፈል ኬብል ነው። ሁለቱን ጫፎች በሚክሰሩ ሁለት ቻናሎች ላይ አስገብታችሁ ፌደራቸውን (የድምፅ መጠን ተንሸራታቹን) እኩል ያዙ። በኮርጉ በኩል ነገሩ ቀላል ነው፤ የራሱ መውጫዎች አሉት፤ ስፒከሮቻችሁ በሞኖ ስለሚሠሩ «ኤል/ሞኖ» ከተጻፈበት መውጫ አንድ ኬብል ብቻ ማውጣት ይበቃል፤ ኪቦርዱ ራሱ ሁለቱን ጎን አዋሕዶ ይልከዋል። በዚያን ጊዜ ፒያኖው ቀጠን ብሎ ከተሰማችሁ በድምፆቹ ዝርዝር ውስጥ ሞኖ ፒያኖ የሚል ካለ እሱን ሞክሩ፤ ሰፊ ሆኖ የተቀረጸ ስቴሪዮ ፒያኖ ወደ ሞኖ ሲታጠፍ ከአካሉ ጥቂት ማጣቱ የተለመደ ነው።

ከዚህ በኋላ ወደ ሚክሰሩ እንምጣ። የሁለቱንም ኪቦርዶች ማስተር ቮሊዩም ከሙሉው ሦስት አራተኛ ገደማ ላይ አድርጋችሁ በዚያው ይቆይ፤ በአገልግሎት መካከል ማንም አይንካው። ፌደሩን ሳይነኩ እያንዳንዱን ቻናል ለብቻው በሶሎ እየሰሙ፣ ተጫዋቹ እንደ አገልግሎቱ ቀን በርትቶ ሲጫወት የሚክሰሩ መብራት ዜሮ አካባቢ እስኪደርስ ጌይኑን (የገቢውን ድምፅ ማጉያ ቁልፍ) ያስተካክሉ። ሚክሰራችሁ ላይ ዝቅተኛ ድምፅ የሚቆርጥ ቁልፍ ካለ፣ ብዙውን ጊዜ 80 ወይም 100 ኸርዝ ተጽፎበታል፣ በሁለቱም ኪቦርዶች ቻናል ላይ ይጫኑት፤ ቤዝ ጊታሩና የድራሙ ኪክ ይተነፍሳሉ። መሃለኛውን ኢኪው (የቻናሉን ኢኳላይዘር) ከ250 እስከ 400 ኸርዝ ባለው ቦታ ላይ ማዞር የሚቻል ከሆነ ከስትሪንጉ ብቻ ጥቂት ይቀንሱ፤ ከፒያኖው ግን አይንኩ፤ ከሁለቱም ከተቀነሰ ቡድኑ ይሳሳል። በኪቦርዶቹ ውስጥ ያለውን ሪቨርብ በጣም ዝቅ ያድርጉ። ብሎኬቱና ቆርቆሮው ከበቂ በላይ ሪቨርብ ይሰጧችኋል።

ድምፁን ሲያዋሕዱ ከዘማሪው ይጀምሩ። የመሪው ድምፅ በአዳራሹ መጨረሻ ወንበር ላይ በግልጽ ሲሰማ ፒያኖውን ያስገቡ፤ ፓዱን በመጨረሻ ከፍ ያድርጉትና ለብቻው ጎልቶ መሰማት ሲጀምር ከዚያ ትንሽ ይመልሱት። ሁለት እኩል የሚሰሙ ኪቦርዶች አብረው ሲገቡ ጠቅላላ ድምፃቸው 3 ዴሲቤል ያህል ይጨምራል፤ ስለዚህ ለየብቻቸው ከዘማሪው ጋር የተመጣጠኑት ሁለቱ በአንድነት ዘማሪውን ይበልጡታል። «ለየብቻ ጥሩ ነው፤ አብረን ስንገባ ይበላሻል» ያሉት ከፊሉ ምክንያቱ ይህ ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ ኢኳላይዘሩን ተዉት። ኬብሉን ካሟላችሁ በኋላ የሚተርፍ ካለ ዲአይ ቦክስ ግዙበት። ከመድረክ እስከ ሚክሰር የሚሄድ ረጅም ተራ ኬብል ጫጫታና የመብራቱን የ50 ኸርዝ እዝታ ይሰበስባል፤ ዲአይ ቦክሱ በኪቦርዱ አጠገብ ሆኖ ምልክቱን ወደ ባላንስድ ይለውጥና በኤክስኤልአር ኬብል ይልከዋል፤ ግራውንድ የሚያቋርጠው ማብሪያውም እዝታውን ለማጥፋት ብዙ ጊዜ ይረዳል።

መልስ፣ ከ«የቅኝት ተማሪ»

ሦስተኛውን ጥያቄ ማንም ስላልነካው እኔ ልሞክር፤ በበኩሌ ከሦስቱም ትልቁ እሱ ይመስለኛል። ድምፅ ቢደፈርስ ጉባኤው ይታገሣል፤ ቅኝቱ ሲበላሽ ግን መዝሙሩ ራሱ ሌላ መዝሙር ይሆናል።

በመጀመሪያ ሁለቱ ኪቦርዶች በእርግጥ አንድ ላይ የተቃኙ መሆናቸውን አረጋግጡ። ቪብራቶና ኮረስ የሌለበት ቀላል የኦርጋን ድምፅ በሁለቱም ላይ ምረጡና ከመሃለኛው ሲ በላይ ያለችውን ኤ አብራችሁ ይዛችሁ ቆዩ። ድምፁ ሳይነቃነቅ ቀጥ ብሎ ከቆመ ደኅና ነው። በየሰከንዱ ሁለት ጊዜ የሚርገበገብ ከሆነ አንደኛው 440 ላይ፣ ሌላው ለምሳሌ 442 ኸርዝ ላይ ነው ማለት ነው፤ ማስተር ቱን የሚለውን ገጽ ከፍታችሁ ሁለቱንም 440 ላይ አድርጉ። ከዚያ ያንኑ በአሥራ ሁለቱም ኖታዎች ላይ ድገሙት። ይህን የምለው አሬንጀር ኪቦርዶች (ራሳቸው አጃቢ ምት የሚያወጡት) የእያንዳንዱን ኖታ ድምፅ ለየብቻው ዝቅና ከፍ የሚያደርጉበት የስኬል ማስተካከያ ስላላቸው ነው። ለዐረብ ሙዚቃ ተብሎ አንዳንድ ኖታዎችን በ50 ሴንት፣ ማለትም በሩብ ድምፅ፣ የሚያወርድ ዝግጅት በአንደኛው ላይ ሳይታወቅ ተቀምጦ ቢገኝ ኤ ላይ ልዩነቱ ላይሰማ ይችላል፤ ኢ ወይም ቢ ላይ ግን ጆሮ ይቆርጣል።

ቃኝታችሁም መቆርቆሩ ካልቀረ ችግሩ ያለው በኮርዱ ምርጫ ነው። አምባሰልን ከሲ ብንጀምረው ኖታዎቹ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ እና ኤ ፍላት ናቸው። ወንድምዎ «ኪው ሲ ነው» ብሎ በስትሪንግ ሲ ሜጀር ቢይዝ በኮርዱ ውስጥ ያለችው ኢ በቅኝቱ ውስጥ የለችም፤ ዜማው ኤፍ ላይ ባረፈ ቁጥር ደግሞ በግማሽ ድምፅ ርቀት ትጋጨዋለች። ሲ ማይነር ቢይዝም ኢ ፍላትም ከቅኝቱ ውጭ ናት። ፒያኖ ቢሆን ኖሮ ቶሎ ስለሚጠፋ ያልፍ ነበር፤ ስትሪንግ ግን ስሕተቱን እስከ ስንኙ መጨረሻ ይዞት ይዘልቃል። ስለዚህ በአምባሰል ፓዱ ሲንና ጂን ብቻ ይያዝ። ኮርድ ካስፈለገ ኤፍ ማይነርና ዲ ፍላት ሜጀር ሁለቱም ሙሉ በሙሉ ከቅኝቱ ኖታዎች የተሠሩ ናቸው።

በአንቺሆዬ ደግሞ የበለጠ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከሲ ሲነሣ ሲ፣ ዲ ፍላት፣ ኤፍ፣ ጂ ፍላትና ኤ ስለሆነ ሲንና ጂን መያዝ ራሱ ስሕተት ይሆናል፤ ጂ ከጂ ፍላት ጋር ይጋጫልና። በዚህ ቅኝት ሲንና ኤፍን መያዝ ያዋጣል፤ ኤፍ ሜጀርም ይስማማል። በሜጀር ትዝታ የተሠሩት መዝሙሮቻችሁ ላይ ችግሩ ያልታያችሁ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ፣ ኤ የሲ ሜጀርን ኮርድ ሙሉ በሙሉ በውስጣቸው ስለያዙ ይመስለኛል።

ከነባሩ ወንድም ጋር በአንድ ነገር አልስማማም። ፓዱ ሁልጊዜ ከመሃለኛው ሲ በላይ ይሁን ማለት እንደ መነሻ ደንብ ጥሩ ነው፤ እርስዎ ወደ ዋሽንት ድምፅ ሲሄዱ ግን ያ ቦታ የእርስዎ ይሆናል። በዚያን ጊዜ ስትሪንጉ ወደ ታች ወርዶ አንዲት ኖታ ብቻ በዝግታ ቢይዝ ይሻላል። ዋሽንቱም ሆነ ማሲንቆው ብቻውን ሲወጣ ነው የሚያምረው። ዜማው ከማሲንቆው ጋር እየሄደ ሳለ ስትሪንጉ ያንኑ ዜማ ደርቦ ሲጫወት መስማት በእጅጉ ያሳዝነኛል፤ የማሲንቆው ማጌጫ ሁሉ ከሥሩ ተደፍኖ ይቀራልና።

መልስ፣ ከ«አጃቢ»

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይባርካችሁ። ኬብሉ በትክክል እንደተባለው ባለሁለት ቀለበት ሆኖ ተገኝቷል፤ ለሁለት በሚከፈል ኬብል ስንለውጠው ስትሪንጉ ሌላ ኪቦርድ እስኪመስል ድረስ አካል አገኘ። የአምባሰሉንም በተባለው መሠረት ሞክረነው መቆርቆሩ ቀርቷል።

አንድ ጥያቄ ግን ቀረኝ። እኔ ከፒያኖ ወደ ማሲንቆ ድምፅ ስቀይር ድምፁ በድንገት ይዘላል፤ ወደ ዋሽንት ስሄድ ደግሞ ይሰጥማል። ይህን ማስተካከል ያለበት ማነው፤ እኔ ነኝ ወይስ ሚክሰሩ ላይ ያለው ወንድም? ወንድሜም መድረክ ላይ አሁንም ራሱን በደንብ አልሰማም ይላል።

መልስ፣ ከ«የድምፅ አገልጋይ»

የድምፆቹን መጠን ማስተካከል የእርስዎ ሥራ ነው፤ ሚክሰሩ ላይ ያለው ሰው መቼ ድምፅ እንደሚቀይሩ አስቀድሞ ሊያውቅ አይችልምና። የኪቦርዱን ማስተር ቮሊዩም ሳይነኩ የእያንዳንዱን ድምፅ የራሱን ቮሊዩም አስተካክለው በኪቦርዱ ማስታወሻ ውስጥ ያስቀምጡት። ይህን በሄድፎን አይሥሩት። ቡድኑ በሙሉ እየተጫወተ፣ አንድ ሰው አዳራሹ መሃል ቆሞ እየነገረዎት ፒያኖውን መለኪያ አድርገው ሌሎቹን ወደ እሱ ያምጡ። ማሲንቆ ጆሮ በጣም ንቁ በሆነበት ከ2 እስከ 4 ኪሎኸርዝ ባለው ቦታ ላይ ብዙ ጉልበት ስላለው በሚክሰሩ መብራት ከፒያኖው ያነሰ ሆኖ እያለ እንኳ ለጆሮ ይበልጣል፤ ስለዚህ መብራቱን ሳይሆን ሰውየውን ይመኑ። በመዝሙሩ መካከል ለሚያስፈልገው ከፍና ዝቅ ኤክስፕሬሽን ፔዳል ቢሰኩ ሁለቱም እጆችዎ ከቁልፎቹ ላይ አይነሱም፤ ፔዳሉ ወደ ፊት ሙሉ ተረግጦ ሳለ ከፍተኛው መጠን እንዲሆን አድርገው ይለኩት፤ አለዚያ በለኩት መጠን ላይ ሌላ ጭማሪ ይመጣበታል።

ወንድምዎ ራሱን የማይሰማበት ምክንያት ግልጽ ነው። በሄድፎኑ መውጫ ላይ ጃክ ሲገባ የኪቦርዱ የራሱ ስፒከሮች ይዘጋሉ፤ ስለዚህ የሚሰማው ከአዳራሹ ግድግዳ የሚመለሰውን ብቻ ነው፤ እሱም ዘግይቶ ይደርሰዋል። ከሚክሰሩ ኦግዚለሪ መውጫ (ከአዳራሹ የተለየ ድምፅ ወደ መድረክ ከሚላክበት) አንድ ሞኒተር፣ ማለትም ራሱን የሚሰማበት የመድረክ ስፒከር፣ ያውጡለት፤ ኦግዚለሪው ከፌደሩ በፊት የሚነሣ ይሁን፤ አለዚያ ለአዳራሹ በተቀነሰ ቁጥር ለእሱም ይቀነሳል። ሞኒተሩን መሬት ላይ ቀጥ አድርገው አያስቀምጡት፤ ወደ ጆሮው አዘንብለው ይስጡት። ሁለታችሁ በአንድ ሞኒተር የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ጎን ለጎን ቁሙና በእሱ ውስጥ የእርስዎን ፒያኖ ከወንድምዎ ስትሪንግ ዝቅ አድርጉት፤ የፒያኖው ምት በአነስተኛ ድምፅም ቢሆን ይለያል፤ ስትሪንጉ ግን ዝቅ ካለ በድራሙ ውስጥ ይጠፋበትና እጁ እንደገና ወደ ቮሊዩሙ ይሄዳል።